የብርሃን ልክ

እስቲ ጆሮ ስጡኝ፤ ስለ አንዲት ትንሽ ፍጥረት ልተርክላችሁ። ሥር የላት፣ ቅጠል የላት፤ ግን ከብርሃን ምግብ ትሠራለች። ዓይን የላትም፤ ብርሃኑ ከየት በኩል እንደመጣ ግን ታውቃለች። አባትና እናት የላትም፤ ራሷን ለሁለት እየከፈለች ትባዛለች። ሳይኖባክቴሪያ ትባላለች፤ የቀደሙት ሰማያዊ-አረንጓዴ አልጌ ይሏት ነበር። በሐይቅና በባሕር፣ በፍል ውሃና በበረሃ ድንጋይ፣ በበረዶ ላይ ሳይቀር ትኖራለች።

ዕድሜዋ ከተራሮቻችን ዕድሜ በብዙ ይበልጣል። በምድር አየር ውስጥ ኦክስጅን የለም በሚባልበት ዘመን እሷ ነበረች። የፀሐይን ብርሃን እየያዘች፣ በብርሃኑ ጉልበት ውሃን እየከፈለች፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ስኳር እየሠራች ትኖር ነበር። ውሃ ሲከፈል ኦክስጅን ይተርፋል። ያ ትራፊ ዘመን በዘመን ላይ ተጠራቅሞ፣ የዛሬ 2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ የምድርን አየር መለወጥ ጀመረ። ኋላም ከወገኖቿ አንዷ በሌላ ሕዋስ ተዋጠች፤ ተውጣ ግን አልተፈጨችም፤ እዚያው ውስጥ ቤቷን ሠራች። የዕፅዋት ክሎሮፕላስት የመጣው ከእሷ ነው። የጤፍ ቡቃያ የሚያረነጉደው፣ የዝግባ ቅጠል ብርሃን የሚመገበው በእሷ ውርስ ነው። እንግዲህ ስለ እሷ ስናወራ ስለ እንጀራችንና ስለ እስትንፋሳችን እያወራን ነው።

ይህቺ ፍጥረት የምትኖረው በብርሃን ነው፤ የምትጎዳውም በብርሃን ነው። ትረካዬ የሚዞረው በዚህ ላይ ነው። ብርሃን ሲያንሳት ምን ታደርጋለች? ሲበዛባትስ? የብርሃኑ ቀለም ሲለወጥባትስ? መልሷን በሰውነቷ ቀለም ትሰጣለች።

ወደ ቢሾፍቱ እንውረድ። እዚያ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የተዋቸውን ጉድጓዶች ውሃ ሞልቷቸዋል፤ ሆራ አለ፣ ባቦጋያ አለ፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ አለ። በዚያው አካባቢ አረንጓዴ ሐይቅ የሚባል አለ፤ ቂሎሌ የሚባልም አለ። ጄ. ኤፍ. ታሊንግ፣ አር. ቢ. ዉድ፣ ኤም. ቪ. ፕሮሰርና አር. ኤም. ባክስተር የተባሉ ተመራማሪዎች በእነዚህ በሁለቱ ሐይቆች ያጠኑትን እ.ኤ.አ. በ1973 አሳተሙ። ጥያቄያቸው ትልቅ ነበር፦ በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት በብርሃን ምግብ የመሥራት አቅማቸው ወሰኑ የት ነው? ለዚህ ጥያቄ ማስረጃ ያቀረቡት ከኢትዮጵያ የሶዳ ሐይቆች ነው፤ ይህንንም በጽሑፋቸው ርዕስ ላይ አስፍረውታል። ከቢሾፍቱ አጠገብ ያለ ውሃ የሕይወትን የላይኛውን ወሰን ለማሳየት ለዓለም ምስክር ሆነ ማለት ነው።

ለምን እነዚህ ሐይቆች? ምክንያቱም በዚያን ጊዜ ሁለቱንም የሞላቻቸው አርትሮስፓይራ ነበረች፤ ዛሬ በገበያ ስፒሩሊና ተብላ የምትሸጠው። እንደ ምንጭ ብረት የተጠማዘዘች፣ ርዝመቷ ከአንድ ሚሊሜትር የሚያንስ ክር ናት። ሌላው ፍጥረት የሚሸሸውን ሶዳ የበዛበት ውሃ እሷ ትወደዋለች። በእንዲህ ያለ ውሃ ካርቦን አይጎድልባትም፤ የሐሩሩ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ አይለያትም፤ ሙቀትም ይመቻታል። ምግቡ ከሞላ፣ ሙቀቱ ከተመቸ፣ ታዲያ ምን ያግዳታል?

ብርሃን ያግዳታል። በራሷ ብዛት ብርሃኑን ትጋርዳለች። ከላይ ያሉት ክሮች ብርሃኑን ሲይዙት ከታች ያሉት ይጨልምባቸዋል። አርትሮስፓይራ በሞላችበት ሐይቅ ፎቶሲንተሲስ፣ ማለትም በብርሃን ምግብ የመሥራት ሥራ፣ የሚካሄድበት ውፍረት አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ በታች ቀትሩም ሌሊት ነው። ጠዋት ጸጥ ብሎ የተኛው ውሃ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳበት ይናወጣል። ያን ጊዜ አንዲት ክር ዓይን ከሚያጠፋ ብርሃን ወደ ድቅድቅ ጨለማ ትወርዳለች፤ ማዕበሉ መልሶ ያወጣታል፤ ደግሞ ትወርዳለች። ኑሮዋ በሙላትና በእጦት መካከል መመላለስ ነው።

ይህን ኑሮ የምትችለው በቀለሞቿ ነው። የመጀመሪያው ክሎሮፊል ነው። ክሎሮፊል ኤ ሰማያዊውን ብርሃን በ430 ናኖሜትር አካባቢ፣ ቀዩን በ680 ናኖሜትር አካባቢ አጥብቆ ይይዛል፤ በመካከል ያለውን አረንጓዴና ቢጫ ግን አብዛኛውን ይለቀዋል። ለዚህ ነው ቅጠል ለዓይናችን አረንጓዴ የሚሆነው። ሳይኖባክቴሪያ ግን ያ የተለቀቀው ብርሃን እንዲያመልጣት አልፈቀደችም። ፋይኮሳያኒን የሚባል ሰማያዊ ፕሮቲን ሠራች፤ እሱ ብርቱካናማውን ብርሃን በ620 ናኖሜትር አካባቢ ይይዛል። ብዙ ወገኖቿ ደግሞ ፋይኮኤሪትሪን የሚባል ቀይ ፕሮቲን ጨመሩ፤ እሱ አረንጓዴውን በ560 ናኖሜትር አካባቢ ይይዛል። እነዚህ ፕሮቲኖች ተደራርበው ፋይኮቢሊሶም የሚባል የብርሃን መሰብሰቢያ ይሆናሉ። ፋይኮኤሪትሪን የያዘውን ጉልበት ለፋይኮሳያኒን ይሰጣል፤ ፋይኮሳያኒን ለአሎፋይኮሳያኒን ያስተላልፋል፤ አሎፋይኮሳያኒን ለክሎሮፊል ያስረክባል። በዚህ ቅብብል ከተያዘው ጉልበት ከ90 በመቶ በላይ ሳይባክን ይደርሳል። የሰው እጅ እንዲህ ያለ ሥራ ቢሠራ በየአደባባዩ ሐውልት ይቆምለት ነበር።

ነገር ግን ይህ መሰብሰቢያ ውድ ነው። በሕዋሷ ውስጥ ከሚሟሟው ፕሮቲን እስከ ግማሽ የሚደርሰው ለእሱ ይውላል። ፕሮቲን ማለት ናይትሮጅን ማለት ነው፤ ናይትሮጅንም በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ሳይኖባክቴሪያ ከሚያስፈልጋት በላይ ቀለም አትሠራም። ብርሃን ሲያንሳት ክሎሮፊሏንና ፋይኮሳያኒኗን ታበዛለች፤ የሚያልፈውን ጭላንጭል ሁሉ መያዝ አለባት። ብርሃን ሲበዛላት ደግሞ ትቀንሳለች፤ የሚበቃት በጥቂቱ ይገኛልና። ናይትሮጅን ፈጽሞ ሲጠፋባት የራሷን ፋይኮቢሊሶም አፍርሳ ትመገበዋለች፤ ያን ጊዜ ሰማያዊነቷ ይጠፋና ቢጫ ትሆናለች።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጥቁር እስኪመስል የጠቆረ አረንጓዴ ስናይ ጥጋብ ይመስለናል፤ ፈዘዝ ያለ ስናይ ራብ ይመስለናል። ሌላው ሁሉ ተሟልቶላት የጠቆረችው ግን ብርሃን የራባት ናት፤ የፈዘዘችውም ብርሃን የጠገበች ልትሆን ትችላለች። የቀለም ብዛት የዕድገት ፍጥነት ምልክት አይደለም። ብዙ ጊዜ ዕድገት ሲፋጠን ቀለም ይሳሳል፤ ቀለም ሲደምቅ ዕድገት ይዘገያል። ብርሃንና ቀለም በዚህች ፍጥረት ውስጥ እንደዚህ ተቃርነው ይሄዳሉ።

አሁን ደግሞ ወደ ስምጥ ሸለቆው፣ ከሻላ አጠገብ ወዳለው ወደ ጭቱ ሐይቅ እንሂድ። ጭቱ ትንሽ ናት፤ ውሃዋ ሶዳማ ነው፤ ፒኤቹ 10 ገደማ ይደርሳል። በውስጧም አርትሮስፓይራ ብቻዋን እስክትመስል ድረስ ሞልታበት ኖራለች። ኤልሳቤጥ ከበደና ጉኔል አልግሬን ይህቺን የጭቱ ልጅ ከውሃዋ ለይተው በቤተ ሙከራ አሳደጓት። የሚስማማት ሁኔታ የትኛው እንደሆነ፣ ከምትቀበለው ብርሃንም ምን ያህሉን ወደ ሰውነት እንደምትለውጥ መረመሩ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1996 ሃይድሮባዮሎጂያ በተባለው መጽሔት አወጡ። ይህ ለእኛ ኩራት ነው። በዓለም ስለ ስፒሩሊናና ስለ ብርሃን የሚጠይቅ ሁሉ የጭቱን ስም ያገኛል።

የብርሃኑን መጠን እስቲ በቁጥር እንየው። የሐሩር ቀትር ፀሐይ ጥርት ባለ ሰማይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ፣ በአንድ ሰከንድ፣ ወደ 2000 ማይክሮሞል ፎቶን ያዘንባል። አርትሮስፓይራ ግን ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 200 ማይክሮሞል ሲደርሳት ፎቶሲንተሲሷ መጥገብ ይጀምራል። ከቀትሩ ፀሐይ አሥረኛው ገደማ ይበቃታል ማለት ነው። የቀረው ዘጠኝ እጅ ምን ይሁን?

ማርም ሲበዛ ይመራል ይባል የለ! ሥራ ያላገኘ የብርሃን ጉልበት በሕዋሷ ውስጥ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። ኦክስጅንን ይነካውና ሕዋስ ወደሚያቃጥል መልክ ይለውጠዋል። ውሃን የሚከፍለው ክፍል ውስጥ ዲ1 የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ብርሃን ሲበረታ ቶሎ ቶሎ ይሰበራል። ሕዋሷ የተሰበረውን ታወጣለች፣ አዲስ ትሠራለች፣ ትተካለች። መተካቱ ከስብራቱ እኩል እስከሄደ ድረስ ትኖራለች፤ ስብራቱ ከቀደመ ዕድገቷ ይቆማል፤ ከዚያም ካለፈ ትሞታለች።

ስለዚህ ጠባቂ ቀለሞች አሏት። ካሮቲኖይድ ይባላሉ፤ ቢጫና ብርቱካናማ ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ቤታ ካሮቲንና ዚያዛንቲን የሚያቃጥለውን ጉልበት እየተቀበሉ ያበርዱታል፤ ብርሃን ሲበረታ ዚያዛንቲኗ ይበዛል። ብዙዎቹ ወገኖቿ ደግሞ ብርቱካናማው የካሮቲኖይድ ፕሮቲን የሚባል አላቸው። ይህ ፕሮቲን በደካማ ብርሃን ብርቱካናማ ሆኖ ይቀመጣል፤ ጠንካራ ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን ሲመታው ቅርጹ ይለወጥና ቀይ ይሆናል። ቀይ ሲሆን ወደ ፋይኮቢሊሶሙ ሄዶ ይጣበቃል፤ የተትረፈረፈውንም ጉልበት ሙቀት አድርጎ ያስወጣዋል። ብርሃኑ ሲበርድ ተላቅቆ ወደ ብርቱካናማነቱ ይመለሳል። በበረሃ ድንጋይና በደረቅ አፈር ላይ የሚኖሩት ወገኖቿ ደግሞ ሳይቶኔሚን የሚባል ቡናማ ቀለም በውጭ ሽፋናቸው ውስጥ ያከማቻሉ፤ አልትራቫዮሌት ጨረር ሕዋሱ ጋ ሳይደርስ እዚያው ይቀራል።

እና አሁን ወደ ሰማይ ቀና በሉ። በሶዳ ሐይቆቻችን ላይ የሚሰፍሩትን ትንንሾቹን ፍላሚንጎዎች አይታችኋል? አርትሮስፓይራ ዋና ቀለባቸው ናት። ምንቃራቸውን ገልብጠው ውሃውን ያጣራሉ፤ ክሮቿን ይበላሉ። ካሮቲኖይዷ ወደ ደማቸው፣ ከደማቸው ወደ ላባቸው ይገባል። የክንፋቸው ሮዝ ቀለም ከዚያ የመጣ ነው፤ ጫጩቶቻቸው ሲፈለፈሉ ግራጫ ናቸው። ትንሿ ፍጥረት ከብርቱ ፀሐይ ራሷን ልታድን የሠራችው ቀለም የወፍ ውበት ሆነ። በአንድ ሐይቅ ላይ የሚወርደው ብርሃን በስንት አካል ውስጥ እንደሚያልፍ ተመልከቱ።

እስካሁን ስለ ብርሃን ብዛት ተረክሁ፤ አሁን ስለ ብርሃን ቀለም ልንገራችሁ። ለዚህ ወደ አውሮፓ እንሻገራለን። ቴዎዶር ኤንግልማን የሚባል ጀርመናዊ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ ብርሃንን በፕሪዝም በትኖ በማይክሮስኮፕ ሥር በአልጌ ላይ አሳረፈ፤ በውሃውም ውስጥ ኦክስጅን የሚወዱ ባክቴሪያዎች ለቀቀ። ባክቴሪያዎቹ ቀዩና ሰማያዊው ብርሃን ባረፈበት ቦታ ተሰበሰቡ። የትኛው የብርሃን ቀለም ብዙ ኦክስጅን እንደሚያወጣ ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው በመሰብሰባቸው አሳዩት።

በኤንግልማን ቤተ ሙከራ ኒኮላይ ጋይዱኮቭ የሚባል ሩሲያዊ ይሠራ ነበር። ኦሲላቶሪያ የምትባል ሳይኖባክቴሪያ ወስዶ በተለያየ ቀለም ብርሃን ሥር አሳደጋት። ያየውን እ.ኤ.አ. በ1902 አሳተመ። አረንጓዴ ብርሃን ሲያበራላት ቀይ ሆነች፤ ቀይና ብርቱካናማ ብርሃን ሲያበራላት ሰማያዊ-አረንጓዴ ሆነች። ያበሩላትን ቀለም አልመሰለችም፤ ያበሩላትን ቀለም የሚይዘውን ሆነች። አረንጓዴ ብርሃን የሚይዘው ቀዩ ፋይኮኤሪትሪን ነው፤ ቀይ ብርሃን የሚይዘው ሰማያዊው ፋይኮሳያኒን ነው። ያለውን ለመብላት ሰውነቷን ለወጠች።

ይህ በምን እንደሚደረግ ለማወቅ ከ90 ዓመት በላይ ፈጀ። ፍሬሚየላ የምትባለውን ሳይኖባክቴሪያ ያጠኑት ዴቪድ ኬሆና አርተር ግሮስማን እ.ኤ.አ. በ1996 ብርሃኑን የሚለየውን ፕሮቲን አገኙ፤ አርሲኤኢ ተባለ። አረንጓዴና ቀይ ብርሃንን ይለያል፤ በለየውም መሠረት የቀለም ጂኖች ይከፈታሉ ወይም ይዘጋሉ። የፍሬሚየላ ለውጥ ደግሞ በቀለም አያበቃም። በአረንጓዴ ብርሃን ሕዋሶቿ ዘለግ ያሉ፣ ክሮቿም ረጃጅም ይሆናሉ፤ በቀይ ብርሃን ሕዋሶቿ ይከብባሉ፣ ክሮቿ ያጥራሉ። ብርሃን ቀለሟን ብቻ ሳይሆን ቁመናዋንም ይቀርጻል።

ይህ ችሎታ ለምን አስፈለጋት? ውሃን ተመልከቱ። ቀይ ብርሃን በውሃ ውስጥ ሩቅ አይዘልቅም፤ ጥቂት ሜትር ሳይወርድ ይሳሳል። በጠራ ውቅያኖስ ውስጥ ሰማያዊው ከሁሉ ጠልቆ ይወርዳል። ከየብስ የመጣ ቅሪተ ዕፅ በሟሟበት ሐይቅ ግን ሰማያዊው ቀድሞ ይጠፋል፤ ወደ ታች የሚደርሰው አረንጓዴና ቢጫ ነው። በየጥልቀቱ ያለው ብርሃን ሌላ ነው፤ በየጥልቀቱ የሚኖረውም ፍጥረት በቀለሙ ሌላ ነው።

ስለ ሰማያዊ ብርሃን ደግሞ ሊታመን የሚያስቸግር ነገር አለ። ሰማያዊ ብርሃን ከቀይ የበለጠ ጉልበት አለው፤ ክሎሮፊልም ይይዘዋል። ታዲያ ሳይኖባክቴሪያን በሰማያዊ ብርሃን ብቻ ብናሳድጋት ጥሩ ማደግ አልነበረባትም? አታድግም፤ ትዘገያለች። ምክንያቱን በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። ፎቶሲንተሲስ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ ሁለቱ እኩል ካልሠሩ ሥራው አይሄድም። በሳይኖባክቴሪያ ውስጥ አብዛኛው ክሎሮፊል ያለው በፎቶሲስተም አንድ ነው። ውሃ የሚከፍለው ፎቶሲስተም ሁለት በአመዛኙ የሚመገበው በፋይኮቢሊሶም ነው፤ ፋይኮቢሊሶም ደግሞ ሰማያዊ ብርሃን እምብዛም አይይዝም። ስለዚህ በሰማያዊ ብርሃን አንዱ ክፍል ጠግቦ ሌላው ይራባል። ብርሃን መብዛቱ ብቻ አይበቃም፤ ቀለሙም ከፍጥረቷ አሠራር ጋር መስማማት አለበት።

ዓይን የላትም፤ ብርሃኑ ከየት በኩል እንደመጣ ግን ታውቃለች ብያችሁ ነበር። ሲኔኮሲስቲስ የምትባል ክብ ሳይኖባክቴሪያ አለች፤ ስፋቷ ሦስት ማይክሮሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ብርሃን በአንድ ጎኗ ሲገባ ክቡ ሰውነቷ ይሰበስበውና በተቃራኒው ጎኗ ላይ ደማቅ ነጥብ ያደርገዋል። እሷም ከደማቁ ነጥብ ትሸሻለች፤ ስትሸሽም ወደ ብርሃኑ ምንጭ ትሄዳለች። ሰውነቷ በሙሉ ዓይኗ ነው።

የማይታየውን ብርሃን የምትበላም አለች። ለሰው ዓይን ጨለማ በሚመስለው ከቀይ ማዶ ባለው ብርሃን የሚሠራ ክሎሮፊል ኤፍ፣ በምዕራብ አውስትራሊያ ሻርክ ቤይ ከሚገኙ ስትሮማቶላይት ድንጋዮች በተወሰደ ናሙና ውስጥ ተገኘ፤ ሚን ቼንና ባልደረቦቿ ግኝቱን ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ሌሎች የሚታየውን ብርሃን ከላይ ወስደው ሲጨርሱ፣ ከሥር ያለችው በተረፈው ትኖራለች።

ሌሊትስ? ሌሊትም የብርሃን ታሪክ አካል ነው። ሳይኖባክቴሪያ የጠዋቱን መምጣት አስቀድማ የምታውቅበት ሰዓት በውስጧ አለ። ጃፓናዊው ታካኦ ኮንዶና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ካይኤ፣ ካይቢና ካይሲ የተባሉ ሦስት ፕሮቲኖችን ከኃይል ሰጪው ኤቲፒ ጋር በመስታወት ቱቦ ውስጥ ቀላቀሏቸው፤ ያለ ሕዋስ፣ ያለ ብርሃን፣ በ24 ሰዓት ዙር መሥራታቸውን ቀጠሉ። በሌሊት ቀን ያጠራቀመችውን ስኳር ታቃጥላለች፤ ስፒሩሊና የሚያመርት ሰውም ማታ ከለካው ጠዋት ጥቂት ጎድሎ ያገኘዋል።

የአምራቹን ነገር ካነሳሁ እሱንም ልተርክ። በቻድ ሐይቅ ዙሪያ የካኔምቡ ሴቶች አርትሮስፓይራን ከውሃ አጥልለው፣ በአሸዋ ላይ አድርቀው፣ ዲሄ ብለው ሲመገቧት ኖረዋል። ዛሩክ የተባለ ተመራማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1966 በፓሪስ የብርሃንና የሌሎች ሁኔታዎችን ተጽዕኖ በዕድገቷና በፎቶሲንተሲሷ ላይ አጥንቶ የመመረቂያ ጽሑፉን አቀረበ፤ ያዘጋጀው የማሳደጊያ ውሃ ዛሬም በስሙ ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከስፒሩሊና የሚወጣውን ሰማያዊ ቀለም ለከረሜላና ለማስቲካ ፈቀደ። ያ ሰማያዊ ፋይኮሳያኒን ነው።

እዚህ ላይ አምራቹ መምረጥ አለበት። ብዙ ክብደት ከፈለገ ውሃውን ቀጭን አድርጎ፣ እያናወጠ፣ ለእያንዳንዷ ክር በቂ ብርሃን ማዳረስ አለበት። ብዙ ሰማያዊ ከፈለገ ብርሃኑን ማሳነስ፣ ጥላ ማድረግ አለበት፤ ያን ጊዜ ዕድገቱ ይዘገያል፣ ቀለሙ ግን ይወፍራል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ እስከ ጫፍ ማግኘት አይቻልም። ቀለሙን ካወጣ በኋላም ከፀሐይና ከእሳት ይጠብቀው፤ ፋይኮሳያኒን በሙቀትና በብርሃን ይበላሻል።

ብርሃን የማይፈለጉትንም ያሳድጋል። በቆቃ ሐይቅ የምትገኘው ማይክሮሲስቲስ የተባለች ሳይኖባክቴሪያ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ልታመነጭ ትችላለች። በውስጧ አየር የሞላባቸው ትንንሽ ከረጢቶች አሏት፤ በእነሱ ወደ ላይ ትንሳፈፋለች። ብርሃን ስታገኝ ስኳር ታከማችና ከብዳ ትሰምጣለች፤ በጨለማ ስኳሩን ስትጨርስ ቀልላ መልሳ ትወጣለች። ከእርሻና ከከተማ የሚወርደው ማዳበሪያና ቆሻሻ ቀለቧን ሲያበዛላት፣ ውሃው ጸጥ ሲል ከላይ ተነጥፋ ከሥሯ ያሉትን ብርሃን ትነሳለች። የብርሃኑን ጦርነት ያሸነፈችው እሷ ሆነች ማለት ሰውና ከብት የሚጠጡት ውሃ ተበከለ ማለት ነው።

የቂሎሌንም መጨረሻ ልንገራችሁ። በ1973ቱ ጥናት የአርትሮስፓይራ ቤት የነበረው ያ ሐይቅ፣ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የሞጆ ወንዝ ተጠልፎ ገባበት። ሶዳው ቀጠነ፤ አርትሮስፓይራ ጠፋች፤ ሌሎች አልጌዎች ቦታዋን ያዙ። ለብዙ ሺህ ዓመት የተዘጋጀው ውሃ በአንድ ቦይ ተለወጠ። የወሰንን ልክ ለዓለም ካሳዩት ሁለት ሐይቆች አንዱን በዚህ መንገድ አጣን።

ይህን ሁሉ የተረክሁት ስለምሳሳለት ነው። ጭቱና አረንጓዴ ሐይቅ በመጽሐፍ የሚነበበውን በዓይን የሚያሳዩ መማሪያዎቻችን ናቸው። የባዮሎጂ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ ሄዶ አንድ ነጭ ሳሕን በገመድ ወደ ውሃው ቢያወርድ፣ ሳሕኑ የሚጠፋበትን ጥልቀት ቢለካ፣ ብርሃን እስከ የት እንደሚደርስ በዚያው ሰዓት ያውቃሉ። ያ ቁጥር በየወሩ ቢመዘገብ ሐይቁ ሲታመም ከመሞቱ በፊት እናውቃለን። ወንዝ ለመጥለፍ፣ ቦይ ለመቅደድ፣ ፋብሪካ ለመትከል የሚያቅድ ሁሉም አስቀድሞ ይጠይቅ፦ የውሃው ጨው ምን ይሆናል? ብርሃኑስ እስከ የት ይወርዳል? ብርሃን ሲለወጥ ቀለሙ ይለወጣል፤ ቀለሙ ሲለወጥ በዪውና ተበዪው ሁሉ ይለወጣል። ይህን ከቢሊዮን ዓመታት በፊት ጀምራ በሰውነቷ የምትጽፈውን ፍጥረት ማንበብ የምንችል ሰዎች፣ ሳናነብ ብናጠፋት ጥፋቱ የእኛ ነው።